ገመዷ ታሞ ሾፌሯ ስለተቀየረባት ማኪና

ለተከበሩ አቶ ፊልጶስ
የመሥሪያ ቤታችን የተሽከርካሪ ስምሪትና ጥገና ኃላፊ
(የመሥሪያ ቤቱን ስም ለራሱ ክብር ስል አልጠራሁትም)
ጎንደር

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤና፣ ከነቤተሰብዎ፣ ከነወንበርዎና ከነማኅተምዎ ያገኝዎ ዘንድ ምኞቴ ነው። ስለ እኔ ጤና እንደማይጠይቁ ባውቅም፣ ሳይጠየቁ መመለስ የሾፌር አመል ነውና፣ እኔ አንዳርጋቸው በመጀመሪያ በእግዚአብሔር ቸርነት፣ ቀጥሎም በእጅ ፍሬን ደህና ነኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የመሥሪያ ቤቱን ማኪና ስነዳ ኖሬ፣ ከሁለት ወር ወዲህ በእርስዎ መልካም ፈቃድ የዚያው መሥሪያ ቤት በር ጠባቂ ሆኛለሁ። በሩ ሸጋ በር ነው፤ ሲገፉት ይከፈታል፣ ሲለቁት ይመለሳል። ስለ ማኪናችን የነዳጅ መስጫ ይህን ማለት ብችል ኖሮ ይህ ደብዳቤ ባልተጻፈ ነበር።

በአደባባይ የምጽፍልዎ፣ በር ጠባቂ ከሆንኩ ወዲህ በየቢሮው በር ያስገባኋቸው አራት ማመልከቻዎች የት እንደ ደረሱ ስለማላውቅ ነው። በመጪው አርብ፣ እርስዎ በጻፉት ደብዳቤ መሠረት መንጃ ፈቃዴ ይሰረዝ አይሰረዝ ይወሰናል። ከተሰረዘ ሌላ ሙያ የለኝም፤ «በቸልተኝነትና ከመጠን ባለፈ ፍጥነት» ያሉት ስምም አብሮኝ መቃብር ይወርዳል። ስለዚህ አርብ ሳይደርስ ምስጋናዬን በቁጥር ዘርዝሬ ላቀርብልዎ ወደድኩ።

፩. ስለ ፈጣን መልስዎ። ባለፈው ግንቦት ከአዘዞ ወደ ጠዳ ስሄድ፣ እግሬን ከነዳጅ መስጫው ባነሣም መስጫው እንደ ተረገጠ ተጣብቆ ቀረ፤ ሞተሩም ማንም ሳያዘው መጮኹን ቀጠለ። ሜዳ ነበርና እንደምንም አቆምኳት። በማግስቱም በጽሑፍ አመለከትኩ። እርስዎም ማኪናዋን ሳያዩ፣ ድምፅዋን ሳይሰሙ፣ በሦስተኛው ቀን በማመልከቻዬ ጥግ ላይ «ሾፌሩ ቀስ ብሎ ይርገጥ» ብለው መሩልኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስረግጥ ኖሬ አረጋገጥ የተማርኩት ያን ዕለት ነው፤ ያስተማረ ይባረክ።

፪. መካኒክ ስለ ከለከሉኝ። እርስዎ ባይከለክሉኝ ኖሮ ማኪናዋን በራሴ እጅ የመመርመር ዕድል ከየት አገኝ ነበር? መጀመሪያ የወለሉ ምንጣፍ ተሰብስቦ መስጫውን ይዞት ይሆናል ብዬ አወጣሁት፤ አልነበረም። የመርገጫውን ማጠፊያ ግራሶ ቀባሁት፤ ለውጥ የለም። ከዚያ ኮፈኑን ከፍቼ፣ ከመርገጫው ተነሥቶ ነዳጅ ወደሚያድለው ፖምፓ የሚሄደውን ገመድ ከፖምፓው ነቀልኩት። የፖምፓውን ክንድ ብቻውን በጣቴ ስስበው ሞላው ቀጭ አድርጎ መለሰው፤ እሱ ጤነኛ ነው ማለት ነው። ገመዱን ብቻውን ስስበው ግን ይንገራገጫል፣ ይቆማል፣ አንዳንዴም ጭራሽ አልመለስም ይላል። ሽፋኑ ውስጥ ከተገመዱት ቀጫጭን ሽቦዎች ሁለቱ ተበጥሰው እንደ እሾኽ ቆመዋል፤ የቆላው አቧራና የደባርቅ ውርጭም ተጋግዘው ቀዳዳውን አጥብበውታል። በሽታው ይኸው ነው። መድኃኒቱም ጎንደር ውስጥ በየመለዋወጫ መደብሩ እንደ ጫማ ማሰሪያ የሚንጠለጠል አንድ አዲስ ገመድ ነው። ይህንኑ ጽፌ፣ የገመዱንም ሥዕል በእርሳስ ስዬ አቀረብኩልዎ።

፫. ስለ ኮሚቴው። አንድ ገመድ ብጠይቅ አምስት ሰው ተሰጠኝ። አምስቱም የተከበሩ ሰዎች ናቸው፤ ሁለት ቀን ተሰብስበው ፋይል ከፈቱ። ኮፈን ግን የከፈተ አልነበረም።

፬. ስለ ጸበሉ። ሰኔ ላይ በአይከል መንገድ ማኪናዋ ለሁለተኛ ጊዜ ስትጣበቅ፣ እርስዎ «ይህችን ማኪና ዓይን በልቷታል፤ ጸበል ትረጭ» ብለው በስምሪት ወረቀት ላይ ቀንና ቁጥር ሰጥተው፣ ማኅተም መትተው ላኩኝ። እኔ ጸበል የምንቅ ሰው አይደለሁም፤ በጸበል ያደግኩ፣ ታምሜም በጸበል የዳንኩ ነኝ። አዲስ ማኪና ሲገባ ማስረጨትም የአባቶቻችን ወግ ነው። ጸበልን በመለዋወጫ ፈንታ ማዘዝ ግን ከየትኛው መጽሐፍ እንደ ተገኘ እስካሁን ጠይቄ የነገረኝ የለም። የሆነው ሆኖ ትእዛዝ ትእዛዝ ነውና፣ ዳባት አካባቢ ወደሚያገለግሉት ወደ መምሬ እንኳየሁ ወሰድኳት።

መምሬ እንኳየሁ መስቀላቸውን ይዘው ማኪናዋን አንድ ጊዜ ዞሯት። አስነሣ አሉኝ፣ አስነሣሁ። ረግጠህ ልቀቅ አሉኝ፣ ረግጬ ለቀቅኩ፤ ጮኸች። አጥፋ አሉኝ፣ አጠፋሁ። ከዚያም «ሞተር ሲጠፋ አብሮ ዝም የሚል ሰይጣን እስከ ዛሬ አልገጠመኝም፤ እስቲ ክፈትና አሳየኝ» ብለው ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ሰብስበው ኮፈኑ ውስጥ ጎንበስ አሉ። ገመዱን በጣታቸው ሳብ አድርገው ሲያበቁ «ይህስ ይቀየር በላቸው። አንተን ግን ልርጭህ፤ ሊማሊሞን የምትወርደው አንተ ነህ» ብለው እኔን ረጩኝ። እንግዲህ ከአንድ ኃላፊ፣ ከአምስት የኮሚቴ አባላትና ከአንድ ቄስ መካከል ማኪናዋን የመረመሩት ቄሱ ብቻ ናቸው። ይህን ሁሉ በሪፖርቴ ጻፍኩ። እርስዎ ግን ፋይሉን «ጥገናው በመንፈሳዊ መንገድ ተከናውኗል» ብለው ዘጉት። ምነው አቶ ፊልጶስ! እግዚአብሔርን የሥራ ባልደረባዎ ሲያደርጉት እንኳ ጥፋቱን ለእሱ ለማሸከም ነው?

፭. አምስተኛውን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል። ሐምሌ በገባ በሳምንቱ የከብት ክትባት ጭነን ወደ ዛሪማ እንወርድ ነበር። ከጎኔ የተቀመጠችው የእንስሳት ሐኪሟ ዶክተር ትርንጎ ነበረች፤ የክትባቱን የበረዶ ሣጥን ጉልበቷ ላይ አድርጋ አቅፋዋለች። ሊማሊሞን ጉም ሸፍኖታል፣ መንገዱ ረጥቧል። ዝናብ ያወረደውን ናዳ ለማለፍ ትንሽ ነዳጅ ሰጠሁ። እግሬን አነሣሁ፤ መስጫው አልተነሣም። ማኪናዋ ቁልቁል መጋለብ ጀመረች። ትርንጎ «አያ አንዳርጋቸው፣ ምነው?» አለችኝ። ፍሬኑን በሙሉ ክብደቴ ረገጥኩ፣ ፍሪሲዮን ይዤ፣ ጎማው ከሞተሩ እንዲላቀቅ ማርሹን ፎሌ አደረግኩ፣ መሪው እንዳይቆለፍብኝ ቁልፉን አንድ ደረጃ ብቻ መልሼ ሞተሩን አጠፋሁ፣ የእጅ ፍሬኑን ሳብኩ፣ ከገደሉ አርቄ ወደ ተራራው ጎን አስጠጋኋት። የፊት መብራቷ ተሰበረ። ሰው አልተጎዳም፣ ክትባቱም አልተበላሸም። ትርንጎ ወርዳ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች፤ የሣጥኑን ክዳን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። እኔ አለቀስኩ፤ በዚህም አላፍርም።

እርስዎና ኮሚቴዎ ግን አላለቀሳችሁም፤ ቃለ ጉባኤ ያዛችሁ። ትርንጎ ሦስት ገጽ ምስክርነት ጽፋ ብትሰጥ «ምስክሯ የከብት እንጂ የማኪና ሐኪም ባለመሆኗ» ተብሎ ሳይያዝ ቀረ። ከአምስቱ የኮሚቴ አባላት የማኪና ሐኪሙ ማን እንደ ሆነ ቃለ ጉባኤው ቢነግረን መልካም ነበር። ብቻ መደምደሚያው ፍጥነት ሆነ፣ ቅጣቱም በር መጠበቅ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይላል ያገሬ ሰው።

ከዚህ በኋላ ያለውን በስንተኛ ቁጥር እንደምጽፈው ስለ ቸገረኝ ያለ ቁጥር ይሁንልኝ። ማኪናዋን ለአዲሱ ሾፌር ለሐዲስ እንዳስረክብ ታዘዝኩ። ሐዲስ ጨዋ ሰው ነው፤ ዓመት ያልሞላት ልጅ አለችው። ሰኞ ዕለት ሊማሊሞን እንዲወርድ ስምሪቱ ወጥቶለት ነበር፤ ገመዱ ግን ያው ገመድ ነው። እንዴት አድርጌ ቁልፉን ልስጠው? ቅዳሜ ጠዋት፣ በመሥሪያ ቤቱ ግቢ፣ ሰው እያየኝ፣ አዲስ ገመድ ይዤ መጣሁ። በአንድ ካቻቢቴና በአንድ ፒንሳ አሮጌውን አወጣሁ፣ አዲሱን ሳላጣምም አስገባሁ፣ ከወዲያም ከወዲህም አሰርኩት። ከዚያ ሞተሩን ሳላስነሣ ሃያ ጊዜ፣ አስነሥቼም ሃያ ጊዜ ረግጬ ለቀቅኩ፤ ሁሉንም ጊዜ ተመለሰ። ሥራው አንድ ሰዓት አልፈጀም። ሳላስፈቅድ መሥራቴ ጥፋት ከሆነ ጥፋተኛ ነኝ፤ አስፈቅጄ ቢሆን ኖሮ ስድስተኛ የኮሚቴ አባል ይጨመር ነበር እንጂ ገመዱ አይቀየርም።

በወሩ ሁለተኛ ቃለ ጉባኤ ወጣ። ቃል በቃል ልጥቀሰው፦ «ሾፌሩ ከተቀየረ ወዲህ ማኪናዋ አንድም ጊዜ ስላልተጣበቀች፣ ችግሩ የሾፌሩ እንደ ነበር በተግባር ተረጋግጧል።» ሐዲስ ራሱ ገመዱ አዲስ መሆኑን አይቶ ቃሌን ልስጥ ቢል አልተጠየቅክም ተባለ። አርብ ዕለት በእኔ ላይ የሚቀርበው ዋና ማስረጃም ይኸው ወረቀት ነው። ጉድ እኮ ነው! የበሬን ምስጋና ወሰደው ፈረሱ ሲባል ሰምቼ አውቃለሁ፤ በሬው ስላረሰ ሲከሰስ ግን ገና አሁን ማየቴ ነው።

የምጠይቅዎ አንድ ነገር ነው። አሮጌውን ገመድ አልጣልኩትም፤ አርብ ዕለት ይዤው እመጣለሁ። ጠረጴዛው ላይ ልዘርጋውና እርስዎ በገዛ እጅዎ፣ ቀስ ብለው፣ አንድ ጊዜ ሳብ አድርገው ይልቀቁት። ከተመለሰ መንጃ ፈቃዴን አውጥቼ ራሴ አስረክብዎታለሁ። ካልተመለሰ ግን ስሜን ይመልሱልኝ።

ሾፌር ሲቀያይር ለማይደክመው ክንድዎ ብርታትን፣ ለኮሚቴዎ አባላትም ኮፈን በየት በኩል እንደሚከፈት የሚያሳይ ደግ መንገደኛን እየተመኘሁ፣ እጅ ነሥቼ እሰናበታለሁ።

ቀስ ብሎ መርገጥን ከእርስዎ የተማረው
አንዳርጋቸው አዳነ
የቀድሞ ሾፌር፣ የአሁን በር ከፋች
ጥቅምት፣ ጎንደር

ማስታወሻ፦ በር ላይ ስላስቀመጡኝ ከልቤ አመሰግናለሁ፤ እርስዎ የሚነዷትን ማኪና ድምፅ በየማለዳው እሰማለሁና። ከእኔዋ ጋር ባንድ ቀን የገባች መንትያዋ ናት፤ ገመዳቸውም እኩያ ነው። ካለፈው ሰኞ ጀምሮ በሩን ስከፍትልዎ፣ እግርዎን ካነሡ በኋላ ሞተሩ እስከ ሦስት እስኪቆጠር ድረስ ሳይወርድ ይጮኻል። በሚመጣው ሳምንት ለስብሰባ ወደ ዛሪማ እንደሚወርዱ ሰሌዳው ላይ አንብቤያለሁ። እዚያ ቁልቁለት ላይ ከተጣበቀብዎ ፍሬን ይርገጡ፣ ማርሹን ፎሌ ያድርጉ፣ ቁልፉን አንድ ደረጃ ብቻ ይመልሱ፣ ወደ ተራራው ጎን ይያዙ፤ ይህን ስል አልቀልድም፣ ልጆች አሉዎት። አዲስ ገመድም አምጥቼ በጥበቃ ክፍሉ መስኮት ላይ ሰቅዬልዎታለሁ። የለም፣ በተለመደው አሠራር ይሁን ካሉ ደግሞ ሾፌሩ ይቀየር። ያችን ማኪና የሚነዷት እርስዎ ራስዎ ነዎትና፣ በሩ ላይ ያለው አግዳሚ ወንበር ለሁለት ሰው ይበቃል።