ሁለቴ ጠርቶ ሲቆም

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 9

በረዶ። የመኪናውን መስታወት በክሬዲት ካርድ ፋቅኩት። ካርዱ ከገና ወዲህ ሱቅ ውስጥ አልሠራም ብሏል፤ ለበረዶ ግን አንደኛ ነው። ባሌ ሌስተር ቢኖር ይስቅ ነበር... "ዞሮ ዞሮ ጥቅም ሰጠ" ይል ነበር።

ትምህርት ቤት ለልጆቹ ማካሮኒ ሠራን። አብራኝ የምታበስለው በርኒስ ጨው አበዛችበት። ቤት ስገባ ስልኩ እየጮኸ ነው። አላነሳሁም። ደግሞ ጮኸ። አላነሳሁም። ዕዳ ጠያቂዎቹ ናቸው፤ ሌላ ማን ይደውልልኛል? ባለፈው አንዱ "አርሊን፣ እንዴት ነሽ? ቶሊዶ ብርዱ እንዴት ይዞሻል?" አለኝ። የምኖርበትን ከተማ ሳይቀር በስሙ ይጠራል፤ አብሮ አደጌ ነው እንዴ? የባሌን መድኃኒት በአንድ ካርድ፣ የዚያን ካርድ ክፍያ በሌላ ካርድ... እንዲህ እያልኩ አምስቱንም ሞላኋቸው። ሌስተር ሞተ፣ ካርዶቹ ቀሩ።

አመሻሽ ላይ ስልኩ ሁለቴ ጠርቶ ቆመ። ከዚያ እንደገና ጮኸ። ካዚ ነው። ወንድሜ መሆኑን እንዳውቅና እንዳነሳ ራሱ ያመጣው ዘዴ ነው።

"በላሽ?"

"በላሁ።"

"ምን?"

"ማካሮኒ።"

"እሱ ደግሞ ምግብ ሆኖ ነው!" ዘጋው።

ወሬያችን ይኸው ነው። ግን ቀኑን ሙሉ ሳልፈራ የማነሳው ስልክ የሱ ብቻ ነው።

ቅዳሜ፣ ፌብሩዋሪ 13

የሌስተርን ፒክአፕ ሸጥኩ። አራት ሺህ ዶላር። ሰውየው ወንበሩ ሥር የሌስተርን ጓንት አገኘና መለሰልኝ። አንዱን ብቻ። ሌላው የት ገባ?

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 16

ቅበላ። ነገ ጾም ይገባል። የካዚ ሚስት ዶሎረስ እንደ እናታችን ፖንችኪ የሚባለውን ቦምቦሊኖ ጠበሰች፣ የፕሪም ማርማላታ ያለበትን። አምስት በላሁ። ነውር ነው፣ ግን በላሁ።

የፒክአፑን ገንዘብ ከባንክ አውጥቼ በፖስታ ይዤ ነበር የሄድኩት። ለሌስተር ቀብር ካዚ ያበደረኝ አራት ሺህ አለ። ባንኮቹን መክፈል አልችልም፤ ወደ ኪሳራ እየሄድኩ እንደሆነ ይገባኛል። ግን የወንድሜ ስም ከእነዚያ ባንኮች ጋር እኩል ተሰልፎ ይጻፍ? የባንክ ዕዳ ዕዳ ነው። የወንድም ዕዳ ግን ዓይን ለዓይን ያስተፋፍራል።

ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። ካዚ ፖስታውን ገፋው፣ እኔም መልሼ ገፋሁት፣ እንዲህ ስንጓተት ዶሎረስ አንስታ ጡቷ ሥር ወሸቀችው።

"እናንተ ስትግደረደሩ ጣሪያው ራሴ ላይ ይወርዳል" አለች። እውነቷን ነው፣ ሳሎኑ ውስጥ ጠብ ጠብ የሚለውን የሚቀበል ባልዲ ተቀምጧል። ሳቅን።

ወደ ቤት ስነዳ ቀልሎኝ ነበር። ስንት ጊዜዬ ነው እንዲህ ሲቀለኝ...

ዓርብ፣ ማርች 12

ከፍርድ ቤት ወረቀት መጣ። አንደኛው የካርድ ባንክ ከሶኝ ረቷል። ከሜይ ጀምሮ የደሞዜን ሩብ ይቆርጣሉ። ሩቡን! የትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ውስጥ ወረቀቱን ደግሜ ሳነብ በርኒስ አየችኝ። "እህቴም ከስራለች፣ አልሞተችም" አለችና የጠበቃ ስልክ ሰጠችኝ።

ዓርብ፣ ማርች 19

አሳው ለመራባት ወንዙን ሽቅብ መውጣት ጀምሯል። ካዚ እንደየዓመቱ የመጀመሪያዎቹን አጽድቶ በጋዜጣ ጠቅልሎ አመጣልኝ። ጉልበቱ ታሞ ወንዝ ውስጥ ቆሞ ማጥመድ ትቷል፤ ትንሿ ጀልባው ባትኖር አሳ የሚባል አያይም ነበር። እሱና ሌስተር በጋራ የቀቧት ጀልባ ናት፣ ቀለሟ እስካሁን ሁለት ዓይነት ነው።

ጠብሼ በላሁ። ደስ አለኝ። ይጻፍ፣ ዛሬ ደስ አለኝ።

ረቡዕ፣ ማርች 24

ጠበቃዋ ጋ ሄድኩ። ሚስ ብራንት ትባላለች፣ ልጅ ብትኖረኝ በሷ ዕድሜ ትሆን ነበር። "ከዛሬ ጀምሮ በካርድ ምንም እንዳይገዙ። ዕዳ ጠያቂዎቹ ከደወሉልዎ የኔን ስም ሰጥተው ይዝጉ" አለችኝ። ጥሩ ልጅ ናት። ከዚያ እየጠየቀች ትጽፍ ጀመር።

"በዚህ አንድ ዓመት ውስጥ ለቤተሰብ የመለሱት ብድር አለ?"

አፌን ሞልቼ "አዎ! ለወንድሜ። አራት ሺህ፣ ሳንቲም ሳትጎድል" አልኩ። እንድታደንቀኝ ነበር የጠበቅኩት። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

"ምነው መጀመሪያ እኔ ጋ በመጡ..."

ሕጉ እንዲህ ነው አለችኝ። ከስሬያለሁ፣ ዕዳዬ ይሰረዝልኝ ብሎ ፍርድ ቤት የሚያመለክት ሰው አንዱን አበዳሪ ከሌላው ማስበለጥ አይችልም። ዘመድ ከሆነማ አንድ ዓመት ወደኋላ ሄደው ያያሉ። ፍርድ ቤቱ የሚመድበው ባለአደራ ካዚን ገንዘቡን መልስ ይለዋል። ከዚያ ለባንኮቹ ይከፋፈላል።

"ዓመቱ እስኪሞላ ብጠብቅስ?"

"ከደሞዝዎ ሩቡ እየተቆረጠ የቤት ኪራይ ይከፍላሉ?"

አልከፍልም። ከየት አምጥቼ?

"ዝም ብልስ?"

"ከባንክ ያወጡት ይታያል። ሲጠየቁ ምለው ነው የሚመልሱት። ከዋሹ ዕዳው አይሰረዝም፤ እስርም ሊመጣ ይችላል።"

ገንዘቡን ለኪራይና ለምግብ ባወጣው ኖሮ ማንም ምንም አይለኝም ነበር አለች። ማንም። መኪና ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ። በዚህ ሁሉ ዓመት ያደረግኩት አንድ ደህና ነገር እሱ ነበር... እሱ ደግሞ ጥፋት ሆነ?

እሑድ፣ ማርች 28

ሆሳዕና። ከቤተ ክርስቲያን ቀጥታ እነካዚ ጋ ሄድኩና ነገርኳቸው። ካዚ መጀመሪያ ቀልድ መስሎት ነበር።

"ገንዘቡ እኮ ጣሪያው ላይ ነው" አለ ወደ ላይ እያሳየኝ። "ባለአደራው ይምጣና መሰላል ላውሰው፣ ነቅሎ ይውሰድ።"

ማንም አልሳቀም።

"በእጅ ነው የሰጠሽኝ። ማን አየ? ዝም አይነቅዝም፣ አርሊ።"

"ከባንክ ያወጣሁት ይታያል። የት አደረስሽው ይሉኛል።"

"ቁማር ተበላሁ በያቸው!"

"አስምለውኝ?"

ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ቢጮህ ይሻለኝ ነበር፣ "ሌስተርን የቀበርኩት እኔ ነኝ። ባንክ ነው የቀበረው?" አለኝ።

እውነቱን ነው። ዶሎረስ ካፖርቴን አመጣችልኝ። ሳልጠይቃት።

እሑድ፣ ኤፕሪል 4

ፋሲካ። ስልኩ ጮኸ፤ ግን ሁለቴ ጠርቶ አልቆመም።

ዓርብ፣ ኤፕሪል 9

ማመልከቻው ገባ። ከሰርኩ። ከደሞዜ አይቆርጡም፣ አይደውሉም። ሚስ ብራንት እጄን ጨበጠችኝ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር መሰለኝ።

ሐሙስ፣ ሜይ 13

ዛሬ ባለአደራው ፊት ቀረብኩ። ክፉ ሰው ይሆናል ብዬ ነበር፤ ጉንፋን የያዘው፣ እየደጋገመ የሚናፈጥ ሰው ነው። ቀኝ እጄን አንስቼ ማልኩ።

"ለዘመድ የከፈሉት ገንዘብ አለ?"

ወረቀቱ ላይ ተጽፏል፣ ግን ከአፌ መስማት አለበት። ቁማር... አንድ ቃል ናት። ከምላሴ ጫፍ ደርሳ ነበር። ለካዚ ስል የማላደርገው ነገር አለ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። አለ ለካ።

"ለወንድሜ" አልኩ። "ለካዚሚር ኖቫክ።"

ፊደሉን አስደገመኝ። በገዛ አፌ፣ አንድ በአንድ፣ የወንድሜን ስም አስጻፍኩ። እግዚአብሔር ይይልኝ።

ቅዳሜ፣ ጁን 26

ዶሎረስን ገበያ ውስጥ አገኘኋት። ከቲማቲሙ ቀና ሳትል "ጀልባዋን ሸጣት" አለችኝ።

"ለስንት?"

"ለባለአደራው የሚበቃ ነው። ካንቶን የሚሉት አገር ሰው ጎትቶ ወሰዳት። ካዚ ለመሰናበት እንኳ አልወጣም፣ ሳሎን ተቀምጦ ቴሌቪዥን ያያል። ቴሌቪዥኑ ግን አልተከፈተም ነበር።"

ይቅር በይኝ ልላት ነበር። ቲማቲሟን ይዛ ሄደች።

ዓርብ፣ ኦገስት 20

ከፍርድ ቤት መጣ። ዕዳው ሁሉ ተሰረዘ። አምስቱም። በርኒስ ኬክ ገዛችልኝ፣ "እንኳን ደስ ያለሽ" አለችኝ፣ አመሰገንኳት።

ቤቱ ጭር ብሏል። ስልኩ ተበላሽቶ ይሆን ብዬ አንስቼ አዳመጥኩት። ይሠራል።

እሑድ፣ ኦክቶበር 3

ዕዳው እንደተሰረዘ ሚስ ብራንትን ጠይቄያት ነበር፤ አሁን በራስዎ ፈቃድ ከደሞዝዎ ለወንድምዎ ቢሰጡ ማንም አይከለክልዎትም አለችኝ። በየወሩ ሃምሳ ሃምሳ ዶላር በቼክ እልክለታለሁ። አንዱንም አልመነዘረም። ዶሎረስ "መሳቢያ ውስጥ ይከታቸዋል" አለች።

እሑድ እሑድ እደውላለሁ። ሁለቴ አስጠርቼ እዘጋለሁ፣ ከዚያ እንደገና እደውላለሁ፣ እኔ መሆኔን እንዲያውቅ። አያነሳም። እኔ መሆኔን ስለሚያውቅ ነው የማያነሳው። ያ "ቶሊዶ ብርዱ እንዴት ይዞሻል" የሚለው ሰውዬ ትዝ አለኝ። አሁን በካዚ ቤት እሱ እኔ ነኝ።

ማክሰኞ፣ ማርች 8

ቅበላ። ፖንችኪ ከሱቅ ገዛሁ። አንድ በላሁ።

እሑድ፣ ማርች 13

አሳው መውጣት ጀምሯል አሉ። ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ድልድዩ ላይ መኪናዬን አቆምኩ። ወንዙ በጀልባ ሞልቷል። ሁለት ዓይነት ቀለም ያላት የለችም... ካንቶን ያለች ነገር እዚህ ምን ትሠራለች?

ቤት ገብቼ ደወልኩ። ሁለቴ አስጠርቼ ዘጋሁ። እንደገና ደወልኩ።

ስልኩ ተነሳ።

ትንፋሹን አውቀዋለሁ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ በአፍንጫው ያፏጫል።

"ካዚ፣ እኔ ነኝ።"

"አውቃለሁ። ሁለቴ ጠርቶ ቆመ እኮ።"

ስንት ነገር አዘጋጅቼ ነበር።

"በላህ?" አልኩት።

"በላሁ።"

"ምን?"

በአፍንጫው ሲያፏጭ ሰማሁት።

"አሳ አይደለም" አለና ዘጋው።

ግን አነሳው።