ማሽን ባይደክምም የአራተኛው ቀን እረፍት እንዲመለስ

ለዓለም አቀፍ የኮምፒውተር ቼዝ ውድድር አዘጋጅ ጽሕፈት ቤት
ለመርሐ ግብር ክፍል ኃላፊ

ቀን፦ መጋቢት 12

ጉዳዩ፦ ከውድድሩ መርሐ ግብር የተሰረዘው የእረፍት ቀን እንዲመለስ አቤቱታ ስለማቅረብ

ክቡር ኃላፊ፣

1. እኔ በሙያዬ ልብስ ሰፊ ነኝ። ታናሽ ወንድሜ ከሱቄ ጀርባ ባለው ክፍል ተቀምጦ በዘጠኝ ዓመት የሠራው የቼዝ ፕሮግራም ሲወዳደር፣ ፕሮግራሙ እጅ ስለሌለው እጁ ሆኜ የማገለግለው እኔ ነኝ። ኮምፒውተሩ ያሰበውን ከስክሪኑ አንብቤ ሰሌዳው ላይ አንቀሳቅሳለሁ፤ ተጋጣሚው የተጫወተውንም አስገባለታለሁ። ቼዝ የተማርኩት የልብስ ልክ ከማወጣባቸው አሮጌ ጋዜጦች የቼዝ ዓምድ ነው። የአንዳንዱን ጨዋታ መጨረሻ በመቀስ ስለቆረጥኩት እስከ ዛሬ ማን እንዳሸነፈ አላውቅም።

2. እስከ አምና ድረስ ዘጠኙ ዙር በስድስት ቀን ይካሄድ ነበር፤ አራተኛው ቀን እረፍት ነው። በአዲሱ መርሐ ግብር ሁሉም በሦስት ቀን ያልቃል፤ የምሳ ሰዓትም ቀርቷል። የተሰጠው ምክንያት «ማሽን አይደክምም» የሚል ነው። ይህን አልክድም። ሆኖም በዚያው መርሐ ግብር ኮምፒውተሩ እንዲቀዘቅዝ በየጨዋታው መካከል ሃያ ደቂቃ ተፈቅዶለታል። በዚያ ሃያ ደቂቃ የማራግብለት እኔ ነኝ።

3. ባለፈው ወር የአገር ውስጥ ማጣሪያው በዚሁ መርሐ ግብር ተካሂዷል። በሁለተኛው ቀን፣ ሦስተኛው ጨዋታ ላይ፣ ዓይኔ ፈዝዞ ሁለት ቤት መራመድ የነበረበትን ወታደር አንድ ቤት አራመድኩት። በተጋጣሚያችን በኩል የተቀመጡት ጡረተኛ የባቡር ሠራተኛም ሰሌዳው ላይ ያዩትን ለማሽናቸው አስገቡ። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ማሽኖች ሁለት የተለያየ ጨዋታ ይጫወቱ ነበር። ለስድስት እርምጃ ያህል ሁለቱም ስክሪኖች «እያሸነፍኩ ነው» ይላሉ፤ እሳቸውም ፈገግ፣ እኔም ፈገግ። ዳኛው መጥተው «እናንተ ሰዎች፣ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ስንት ጨዋታ ነው ያለው?» ቢሉ፣ ሽማግሌው «ምን አጠፋን ጌታዬ? ሁለታችንም እያሸነፍን እኮ ነው» ብለው መለሱ። ነገሩን ለማጣራት ሦስት ሰዓት ፈጀ። የተሰረዘው ምሳ አንድ ሰዓት ነበር።

4. ይህ አንቀጽ ለውሳኔው አያስፈልግም ከተባለ ይታለፍ። ወንድሜ አርባ አንድ ዓመቱ ነው፤ በሳምንት የሚናገረው ቃል በጣት ይቆጠራል። በእረፍቱ ቀን ግን ተወዳዳሪዎች ሁሉ ከውድድሩ አዳራሽ አጠገብ ወዳለው ሐይቅ ዳር ይወጣሉ። እዚያ ከሌላ አገር የምትመጣ፣ የራሷ ፕሮግራም ያላት ሴት አለች። በመጀመሪያው ዓመት ሰላም ተባባሉ። በሁለተኛው ዓመት የፕሮግራሙን ስህተት አሳያት፤ ለሰው አሳይቶ አያውቅም። በሦስተኛው ዓመት አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ መካከላቸው ቦርሳዋ ነበር። አምና ቦርሳዋን መሬት አወረደችው።

ደብዳቤ ጻፍላት ስለው «እትዬ፣ ምን ብዬ?» ይለኛል። ዘንድሮ ግን ሸሚዝ ስፊልኝ አለኝ። በዕድሜው ልብስ ጠይቆኝ አያውቅም፤ እየጎተትኩ የምለካው እኔ ነኝ። ቁልፉን ስተክል አዲሱ መርሐ ግብር ደረሰን። አነበበውና «ጥሩ ነው፣ ቶሎ እንጨርሳለን» አለ። ሸሚዙን ሞክረው ስለው እሺ ሳይለኝ ወደ ክፍሉ ገባ።

5. ስለዚህ የአራተኛው ቀን እረፍትና የምሳ ሰዓቱ እንዲመለሱልን በትሕትና እጠይቃለሁ። ጊዜ መቆጠብ የግድ ከሆነ፣ ለመክፈቻ ንግግር ሁለት ሰዓት ተኩል ተይዟልና ከዚያ ላይ ቢቀነስ። ሙሉ ቀን ፈጽሞ የማይቻል ከሆነም የአንዱ ቀን ከሰዓት በኋላ ብቻ ይፈቀድልን፤ ወንድሜንም እንዲፈጥን ከወዲሁ አዘጋጀዋለሁ።

መልካም ምላሽዎን በመጠባበቅ፣ ከሰላምታ ጋር፣

(ፊርማ)
አቤት ባይ፣ የሰሌዳ ቁጥር 7 አንቀሳቃሽ

ግልባጭ፦
ለዳኞች ኮሚቴ (ያለ አንቀጽ 4)
ለወንድሜ አይሰጥ