የጣቢያ ሹሙ መጽሐፍ

ለምወድሽ እታለም፣

ይህ ወረቀት በሞላ ጤና፣ በደህና ቀን ያግኝሽ። ጉልበትሽ እንዴት ነው? ደረጃውን አሁንም በጎን ነው የምትወጪው? እኛ ደህና ነን። ባለቤቴ ያው ነው፤ ቀኑን ሙሉ ያነጥስና ጉንፋን አልያዘኝም ብሎ ይከራከራል። ሱቁም ደህና ነው፤ ክር፣ ቁልፍና ዚፕ የማይፈልግ ሰው ገና አልተወለደም።

እንደ ልማዴ የወሩን መጻሕፍት ልንገርሽ። ሁለት ጨረስኩ። አንዱ ስለ ንብ ነው፤ ንግሥቲቱ ስታረጅ ሠራተኞቹ ከእሷ ቀድመው ያውቁባታል ይላል። ሁለተኛው በአንድ ልብስ ስፌት ቤት ስለሚጣሉ እህትማማቾች ነው፤ ታላቂቱ አንቺን ትመስላለች፣ ማለትም ሁልጊዜ ትክክል ናት። ሦስት ገዛሁ። ከእነሱ አንዱን ጀምሬዋለሁ፤ ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝም እሱ ነው።

አንድ የባቡር ጣቢያ ሹም ለአንዲት ሴት የመጣ ደብዳቤ ደብቆ ሃያ ዓመት የሚኖርበት ልብ ወለድ ነው። ማክሰኞ ከመነጽሩ ገዛሁት። መነጽሩ የምልሽ ከሱቄ ፊት ለፊት በረንዳ ላይ አሮጌ መጻሕፍት የሚሸጠው ሰውዬ ነው፤ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰክቶ «መነጽሬን ያያችሁ!» የሚለው። «ጥሩ ነው?» ስለው «ለእርስዎ የተጻፈ ነው» አለኝ። «አንተ ለሁሉም እንደዚሁ ነው የምትለው» ብዬ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። ያን ጊዜ ልብ አላልኩትም።

ሐሙስ ከሰዓት ገበያው ቀዝቀዝ ሲል፣ ሹሙ ደብዳቤውን የት እንደደበቀው ለማወቅ አላስችል ብሎኝ የመጨረሻውን ገጽ ገለጥኩ። መጽሐፍ ስጨርስ እዚያ ላይ ቀኑንና አንድ ዓረፍተ ነገር በእርሳስ እንደምጽፍ ታውቂያለሽ። ተጽፎ አገኘሁት። «ጨረስኩ። ደብዳቤውን ሊሰጣት ይገባ ነበር፤ ሰው ክፉ ወሬውን ራሱ ማንበብ አለበት።» እጅ ጽሑፉ የእኔ ነው። ቀኑ ያለፈው ዓመት ነው። ከሥሩ፣ ከአምስት ወር በኋላ ባለ ቀን፣ ያው የእኔው እጅ እንዲህ ይላል፦ «ጨረስኩ። ከላይ ያለውን ማን ጻፈው?»

እታለም፣ ደንበኛ ያመጣውን ቁልፍ ሳላይ በጣቴ ዳስሼ ልኩን የምናገር ሰው ነኝ። የዚያን ቀን ግን ጣቶቼ የእኔ አልመስል አሉኝ። ቢሆንም ዝም ብዬ አልተቀመጥኩም፤ የዕለት ማስታወሻዬን አወጣሁ። «ከመነጽሩ የጣቢያ ሹሙን ገዛሁ፤ አንብቤው አላውቅም፣ ደስ ይላል» የሚል ሦስት ቦታ አገኘሁ።

ተሻግሬ ሄጄ «ይህን መጽሐፍ ስንቴ ሸጥክልኝ?» አልኩት። መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ። «እትዬ፣ እኔ ምን ላድርግ? መልሰው የሚያመጡት ጋሼ ናቸው። ‹ትንፍሽ እንዳትል፣ ደስ ብሏት ታንብብ› አሉኝ» አለ።

አርብ ምሳ ላይ ባለቤቴን ጠየቅሁት። ይክዳል ብዬ ነበር። ማንኪያውን አስቀመጠና «ስታነቢው ፊትሽ እንዴት እንደሚበራ አታውቂም» አለኝ። «ሦስቱንም ጊዜ?» ስለው ቀስ ብሎ «አራት ነው» አለኝ። ማስታወሻዬ የሚያውቀው ሦስት ነው። የፈራሁት ያኔ ነው።

እማዬን አስቢያት። መጀመሪያ የጠፋባት የሰው ስም አልነበረም። የነገረችንን ጨዋታ እንደ አዲስ ስትጀምርልን እኔና አንቺ በዓይን እየተጠቃቀስን «እሺ፣ ከዚያስ?» እንላት ነበር። እስከ መጨረሻዋ ቀን ያጠብሻትና ያጎረስሻት አንቺ ነሽ፤ እኔ ንግድ ላይ ነበርኩ። ስለዚህ ከሐኪም በፊት አንቺን ልጠይቅ ብዬ ደብዳቤዎችሽን አንድ በአንድ አነበብኩ። ድሮ ስለ መጻሕፍቴ ትሟገቺኝ ነበር፤ «ይሄማ ውሸት ነው፣ የትኛዋ ሴት ናት ይህን የምትችል?» ትይኝ ነበር። ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን የምትጽፊልኝ አንድ ነገር ነው። «እሺ፣ ከዚያስ?»

እህቴ፣ ስለ ጣቢያ ሹሙ ስጽፍልሽ ይህ ስንተኛዬ ነው? ቁጥሩን ጻፊልኝ። አታባብዪኝ፤ ቁርጤን ካወቅሁ ሱቁንም ራሴንም መልክ አስይዛለሁ። ሰኞ ሐኪም ጋ ቀጠሮ አለኝ፤ በማስታወሻዬ ጽፌዋለሁ፣ ባለቤቴም ጽፎ ኪሱ ውስጥ ይዞታል።

መጽሐፉን አልመለስኩትም። የመጨረሻው ገጽ ላይ ሦስተኛ መስመር ጨመርኩ፦ «የጻፍሽው አንቺው ነሽ። አትደንግጪ።» ማታ ገልጬ ሳየው ግን እንደገና ደነገጥኩ።

እማዬን ያነሡ እጆችሽን ፈጣሪ ይባርክልሽ፤ ዕድሜሽን ያርዝምልሽ፤ ለእኔም ያቆይልኝ።

ታናሽ እህትሽ

ውይ፣ ዋናውን ሳልጠይቅሽ ልዘጋው ነበር! ጉልበትሽ እንዴት ነው? ደረጃውን አሁንም በጎን ነው የምትወጪው?