ወፍ ሲንጫጫ

ጥቅምት 11፣ ማታ
ባለቤቴ ደወለች። የምትጠይቀው ያንኑ ነው፦ ፓውዛው በርቷል ወይ? በርቷል አልሁ። ደኅና እደር አለች። አለቀ።
ልጃችንን ልታርስ ሐዋሳ ከሄደች ሕፃኑ ድክ ድክ ማለት ጀምሯል። ጉማሬ ከጣና እየወጣ ጓሮ ስለሚገባ ፓውዛውን ያሰቀለችው እሷ ናት። «ስመጣ ጨለማ እንዳይቀበለኝ» ብላኝ ነበር። አሮጌው ስለተቃጠለ ባለፈው ሳምንት ባለ ነጩን ገዝቼ ሰቀልሁ። በጣም ያበራል።

ጥቅምት 13፣ ከሌሊቱ 8፡00
ሾላው ላይ ወፎች ይንጫጫሉ። ነጋ ብዬ ተነሣሁ። ሰዓት አየሁ። ቅጠሉ ሁሉ ቀን መስሏል። ከፓውዛው ሥር የእሳት እራት ረግፏል። የጉማሬው ዱካ ደግሞ ከጓሮዬ ጠፍቷል። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

በዚያው ቀን፣ ማታ
ጎረቤቴ መሪጌታ ጥሩነህ ሰዓት አያስሩም። ለኪዳን የሚነሡት ወፍ ሲንጫጫ ነው። ሌሊት ወፍ ሰምተው ወጡ፤ የቤተ ክርስቲያኑ በር ዝግ። ብርድ ላይ ተቀምጠው ነጋ። ሲያወሩኝ በሳል መሐል ይስቃሉ፦ «እኛ ጽጌን የምንቆመው ቅዳሜ ሌሊት ነው። ያንተ ሾላ ወፎች ሳምንቱን ሙሉ ቆሙት እኮ!»
አብሬ ሳቅሁ። ስለ ፓውዛው ትንፍሽ አላልሁም። ላንተ ለደብተሬ ብቻ ነው የምነግርህ፤ ማታ የሚደወልልኝ በእሱ ምክንያት ነው።

ጥቅምት 17
መ/ጌታ ሌሊት ደግሞ ወጡ። ጉማሬው ብርሃን ሸሽቶ በእሳቸው መንገድ መውጣት ጀምሮ ኖሯል። ሲሸሹ ቦይ ውስጥ ወደቁ። እግራቸው አብጧል፤ አልተሰበረም።
ከሥራ መልስ ልጠይቃቸው ገባሁ። «ጆሮዬ አርጅቷል፣ ንጋትን መለየት አቃተኝ፣ ኪዳኑን ለወጣቶቹ ልተውላቸው» ይላሉ። ዕድሜ ልካቸውን የቆሙበትን!
ጆሮዎ ደኅና ነው፣ ወፎቹን ያሳታቸው የእኔ መብራት ነው አልኋቸው። ይቆጡኛል ስል፣ «ታዲያ ለማን ነው የምታበራው?» አሉኝ።


ጥቅምት 18፣ ምሽት 12፡50
አጠፋሁት።
ሐይቁ ታየ። ለካ በፓውዛው የተነሣ አይታይም ነበር። ሾላው ጸጥ። ቤቱም ጸጥ።
አንድ ሰዓት ላይ ትደውላለች። ጠፍቷል እላታለሁ። ከዚያ በኋላ የምናወራው የለንም፤ ስለዚህ እስከ ዛሬ ያልጠየቅኋትን እጠይቃታለሁ። ትመጫለሽ ወይስ…
ስልኩ እየጮኸ ነው።