ያለ ያዥ የገፋኸው ብረት

አሰላሙ አለይከ ሰይዴ፤

በመቃብር ስታልፉ ሙታንን ሰላም በሉ ተብለናልና ሰላም ብዬሃለሁ። ከዚህ በታች ያለው ግን ሰላምታ አይደለም። ከተለየኸኝ ዓመት ከሦስት ወር ሆነህ። ይህን ሁሉ ጊዜ አላህ ይርሐመው ስል ኖርኩ እንጂ አንድ ቀን እንኳ ተቆጥቼህ አላውቅም። የሞተ አይወቀስም ይላሉ። እኔ ዛሬ እወቅስሃለሁ፤ ከቻልክ ተነሥተህ መልስልኝ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ሐያት ትሮጣለች። አንተ ስትሄድ ግድግዳ ይዛ ነበር የምትቆመው። ማንጎው ዘንድሮ ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ አፈራ። የብየዳ ቤትህን ወንድምህ ይዞታል፤ የበየደው በር ሁሉ ሲከፈት ይጮኻል፣ ሰዉም እየሳቀ ሰይድ ቢኖር ይላል። ሙቀቱ ያው ነው፣ ሸዋ ሮቢት መቼ ለሰው አዝና ታውቃለች። ከቤታችን ጀርባ ያለውን ጂምህን ግን ጀናዛህ በወጣ ማግስት ቆለፍኩት። ቁልፉን ስኳር ጣሳ ውስጥ ጣልኩት፤ ለወንድምህም ለማንም አልሰጠሁም።

ጂም ማለትህ ያስቀኝ ነበር። በቆርቆሮ የታጠረ አንድ ክፍል፣ አንተ የበየድከው አግዳሚ፣ ጀውሃ አጠገብ ከተገለበጠ የጭነት መኪና የተፈታ ረጅም ብረት፣ ጫፍና ጫፉ ላይ የሚገቡ በባጃጅ ቸርኬ ውስጥ ሲሚንቶ አፍስሰህ የሠራሃቸው ክብደቶች። ሌላ ምንም የለውም። እናንተ ሦስታችሁ ግን መስጊድም ቤተ ክርስቲያንም እንደዚያ በሰዓቱ አልሄዳችሁም። አንተ፣ የሆቴሉ ወጥ ቤት ጌታቸው፣ ከቀወት ገጠር ሽንኩርቱን ትቶ የሚመጣው ኡመር። በረመዳን ጌታቸው ፊታችሁ ውሃ አይጠጣም። በእሱ ሁዳዴ ደግሞ አንተና ኡመር የተቀቀለ እንቁላላችሁን እንደ ሌባ ከማንጎው ጀርባ ተደብቃችሁ ትበሉ ነበር። እኔ በመስኮት እያየሁ እስቅባችሁ ነበር። እንዲህ ያለ ጓደኝነት ስላለህ ደግሞ በሆዴ እኮራ ነበር።

ሕጋችሁን አንተው ነህ ያስተማርከኝ። ከብረቱ ሥር የሚጋደም ሰው አስቀድሞ ያዝልኝ ይላል። ያዡ ከራስጌው ይቆማል፤ ብረቱን ሳይነካ እጁን ከሥሩ ዘርግቶ ይጠብቃል። ብረቱ ከከበደ ያነሣለታል። አይሳቅበትም፣ አይመከርም፤ ነገ አለ ይባልና ያልፋል። ያዥ የሌለው ሰው ደግሞ ክብደቶቹን በሽቦ አያስርም፤ ቢያቅተው ብረቱን አጋድሎ እንዲያራግፋቸው። ታስሮ ያልተገፋ ብረት ግን በእናንተ ዘንድ እንደተገፋ አይቆጠርም። ይህን ሁሉ ለጌታቸውም ለኡመርም ያወጣህላቸው አንተ ነህ።

ታዲያ ምን ነካህ?

በሞትክበት ሳምንት፣ ማክሰኞ ማታ፣ ብረቱ አሸነፈህ። ኡመር አነሣልህ፣ ጌታቸው ነገ አለ አለህ፣ በቃ። ሁለቱም ስንት ቀን አቅቷቸው አንተ አንሥተህላቸዋል። አንተ ግን ቤት ገብተህ እራት አልበላህም። ምነው ስልህ ደከመኝ አልክ። ረቡዕም ፊትህ አልተፈታም። ሐሙስ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ እነሱ ሳይመጡ፣ ብቻህን ገባህ። እኔ የጓሮው በረንዳ ላይ ማሾ እለቅም ነበር። ከእኔ እስከ አግዳሚህ አሥር እርምጃ ነው፤ ከዚያ በኋላ ቆጥሬዋለሁ።

ብረቱ ሲወድቅ ሰማሁ። ሁልጊዜ ስለሚወድቅ አልተነሣሁም። እግርህ አግዳሚውን ሲመታም ሰማሁ፤ ሥራህ ላይ ነህ ብዬ ማሾዬን ለቀምኩ። ጸጥ ሲል ነው የደነገጥኩት። ስገባ ብረቱ አንገትህ ላይ ነበር። አንዱን ጫፍ ይዤ ታገልኩ፣ ንቅንቅ አላለም። ክብደቱን ላወጣ ሳብኩት፣ አልወጣ አለኝ። በሽቦ አስረኸዋል። ሦስት ጊዜ ጠምዝዘህ፣ በፒንሳ አጥብቀህ። ጥፍሬ እስኪነቀል ታገልኩት። ጓደኞችህ ከጎረቤት ቀድመው ደርሰው ብረቱን ሲያነሡልህ አንተ አልነበርክም።

ማን ሊቆጥርልህ ነው ያሰርከው ሰይዴ? ማንም አልነበረም እኮ። ለሰው ሁሉ እጅህን ዘርግተህ ትቆማለህ፤ አንተን ሰው ሲያነሣልህ ግን እራት ያስጠላሃል። ይህን ትዕቢት ከየት አመጣኸው? ያዢልኝ ያላልከኝ ጉልበት የላትም ብለህ ይሆናል። ጉልበት ባይኖረኝ እግር አለኝ፣ ሮጬ ሰው እጠራለሁ። ወይም አትግባ እልሃለሁ። ይህን እንደምልህ ስለምታውቅ ነው ዝም ያልከኝ።

ተዝያው ላይ፣ ለቅሶ ለሚደርሰው ሁሉ፣ ጓደኞችህ ልቡ ነው የገደለው አሉ። ብረት አሸነፈው እንዳይባል ስምህን መሸፈናቸው ነው። ኡመር እኔንም «ቀድር ነው እህቴ፣ ሶብር አድርጊ» አለኝ። ቀድርስ ቀድር ነው፣ የአላህ ውሳኔ ነው፤ ሽቦውን የጠመዘዘው ግን የአንተ እጅ ነው። እኔም እሺ ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። እናትህ፣ አላህ ይጠብቃቸው፣ የልጄ ልብ ድሮም ትልቅ ነበር እያሉ አለቀሱ። ያን ውሸት ዓመት ሙሉ አብሬ ያዝኩት። አንተን ብቻ እየወቀስኩ አይምሰልህ።

ያነቃኝ የኡመር ሚስት ፋጡማ ናት። ባለፈው ወር ከቀወት በባጃጅ መጥታ እግሬ ሥር ቁጭ ብላ አለቀሰች። ጂሙ ከተዘጋ ወዲህ ኡመር ሽንኩርት ማከማቻው ውስጥ በሩን ዘግቶ ብቻውን ብረት ይገፋል አለች። «ወላሂ እፈራለሁ፤ በገመድ ጥፍር አድርጎ ያስረዋል» አለችኝ። ሰምተሃል? አንገትህ ላይ የነበረውን ብረት በዓይኑ ያየው ኡመር ነው። ልቡ ነው ብሎ ለሰው ሲያወራ ከርሞ እሱም አመነው።

በነጋታው ሁለቱንም አስጠራኋቸው። ማንጎው ሥር ቁጭ አሉ። ሰይዴ፣ እኔ እንዲያ መጮህ እንደምችል አላውቅም ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ በለኝ፣ ግድ የለኝም። የጓደኛችሁን ስም አዳናችሁ፣ የራሳችሁን አንገት ግን ለብረት ሰጣችሁ አልኳቸው። ጌታቸው ያ ሁሉ ቁመናው አጥሮ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ኡመር ቀና ብሎ አላየኝም። ከዚያ ቁልፉን ከስኳር ጣሳው አወጣሁ።

ብረቱ ያኔ ማሳረፊያው ላይ እንደመለሱት፣ እንደታሰረ፣ አቧራ ለብሶ ነበር። እኔ ራሴ እፈታዋለሁ አልኳቸው። ፒንሳው መስኮቱ ላይ ነበር፤ ለካ ያን ቀንም እዚያው ነበር። የአንዱን ጫፍ ሽቦ ፈታሁ፣ ክብደቶቹንም አንድ በአንድ አወጣሁ። አንዱን ጎን ብቻ ባዶ ማድረግ እንደማይገባ ሙያው ስለሌለኝ አላወቅሁም። ሌላው ጎን ከበደና ብረቱ ድንገት ወደኔ ተነሣ። ያዙልኝ አልኩ። ቃሉን ሳልጨርሰው አራት እጅ ደረሰ።

ይህን ያህል ቀላል ነው፤ አንተ ያላልካት ይህችው ቃል ናት። ከዚያ በኋላ እዚያው መሬት ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ከሞትክ ጀምሮ እንደዚያ አላለቀስኩም።

አሁን ጂሙ ክፍት ነው። ቁልፉ እኔ ዘንድ ነው፤ ሁለት ሆኖ ለማይመጣ አልከፍትም። ኡመር አንድ ቀን ብቻውን ቢመጣ ጌታቸው እስኪደርስ ማሾ አስለቀምኩት። ለእናትህም እውነቱን ነገርኳቸው፤ ሦስት ቀን አኮረፉኝ፣ በአራተኛው ጠሩኝ። ሽቦህን በሩ ላይ በምስማር ሰቅየዋለሁ። ምንድን ነው ብሎ ለሚጠይቅ ሁሉ ሳልሸፋፍን እነግራለሁ።

ሐያት ስትጠይቀኝም እነግራታለሁ። አባትሽ ብርቱ ነበር እላታለሁ፣ ውሸት አይደለም። የሰው ብረት ሲይዝ እጁ አይንቀጠቀጥም ነበር እላታለሁ። ከዚያ እጇን ይዤ ከበረንዳው እስከ አግዳሚው አብረን እንቆጥራለን። እስከምሞት አልረሳህም ሰይዴ፤ አሥር እርምጃ ላይ ሚስቱ እያለች ያልጠራት ሰው እንደሆንክም አልረሳም።

ሚስትህ ዘይነባ