ቁጥር የማይጠይቅ ሞተር

ውድ ታናሽ ወንድሜ፣

ይህን ደብዳቤ የምታነብልህ ባለቤትህ ናት። ስለዚህ አንዳንዱ ነገር ለእሷም ይደርሳታል፤ ይድረሳት። አጠገብህ ተቀምጬ ልናገረው ብል እጮሃለሁ፤ ከጮህኩ ደግሞ ነርሷ ከማገገሚያው ታስወጣኛለች። ባለፈው እንዳስወጣችኝ ታስታውሳለህ። እንደምታስታውስ ስለማውቅም ነው የምጽፍልህ። ሐኪሙ በግልጽ ነግሮናል፦ የምንለውን ሁሉ ትሰማለህ፣ ይገባሃል፤ ያ ስትሮክ የዘጋብህ ከሐሳብህ ወደ አፍህ የሚወስደውን መንገድ ነው። ቁጥር ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው። ሰባት ልትል አስበህ ሌላ ነገር ይወጣል።

ታዲያ ይህን በጆሮው የሰማ ሰው በጤናው ሄዶ ቁጥር ይጠይቅሃል?

ጠየቁህ። የመኪናህ ባትሪ ሞቶ በአዲስ ሲቀየር፣ ሞተሩን የሚያዘው ኮምፒዩተር ኮድ ካልሰጣችሁኝ አልነሣም አለ። ኮዱን የምታውቀው አንተ ብቻ ነህ። ስንት ዓመት ላፕቶፕህን ጉልበትህ ላይ አድርገህ፣ ሞተሩ በየፍጥነቱ ምን ያህል ቤንዚን እንደሚረጭ፣ መቼ እንደሚያቀጣጥል ራስህ ወስነህ፣ መጨረሻ ላይ ቆለፍከው። የቆለፍከው እኔ እንዳልነካካብህ መሆኑን ባለቤትህ ነገረችኝ። እሺ። ይህ ገና ከሆዴ አልወጣም፤ ስትድን እንጣላበታለን።

መጀመሪያ የጠየቀችህ እሷ ናት፣ ቀስ ብላ፣ ፀጉርህን እየዳበሰች። ከዚያ አማችህ፣ ወንድሟ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ መጣ። ከዚያ ጎረቤቱ ሁሉ። ደንቆሮ የሆንክ ይመስል ጆሮህ ላይ እየጮሁ!

«በል እንግዲህ ጀግናው! የመጀመሪያዋን ብቻ!» ይልሃል አማችህ። «አራት ናት? አምስት? በዓይንህ ጥቀስልኝ!»

ከአፍህ የምትወጣው አንዲት ቃል «እሺ» ናት። እሷኑ አልክ። «ስንት ነው ታዲያ?» አለህ። «እሺ» አልክ። ሳቁ። ክፉዎች ሆነው አይደለም፤ ሰው ሲጨንቀው ይስቃል። እኔ ግን ግንባርህ ላይ ላቡ ሲወርድ፣ ከንፈርህ ያንን ቁጥር ሲፈልግና ሲያጣ፣ ከዚያም ፊትህን ወደ ግድግዳው ስታዞር አየሁ። ነርሷ ያስወጣችኝ ያን ቀን ነው።

ኮሪደሩ ላይ ባለቤትህ ተከትላኝ ወጣች። «ጋሼ፣ ለመኪናው ብዬ መሰለህ?» አለችኝ። «ያንን ቁጥር የተናገረ ቀን ተመለሰ ማለት ነው።»

ያኔ ገባኝ። ኮዱ የመኪናው መሆኑ ቀርቶ ያንተ ሆኗል። ቁጥሩን ካልክ ድነሃል፤ ካላልክ የለህም። ሰው በእንዲህ ያለ ፈተና ይለካል? እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የምህንድስና ተማሪ የፈተንኩ ሰው ነኝ፤ መልስ መስጠት እንደማይችል የማውቀውን ተማሪ ግን በየሳምንቱ ቦርድ ላይ አላወጣሁም።

«ኮምፒዩተሩን ነቅዬ፣ ቤንዚንና አየር ያለ ኮድ የሚቀላቅል የድሮ ካርቡሬተር እገጥምለታለሁ» አልኳት።

«ተስፋ ቆረጥክበት በለኛ!»

«ካርቡሬተር ነው ያልኩት።»

«ያው ነው! ነገ ኮዱን ቢያስታውስ ምኑን ሊከፍትበት ነው?»

«ካስታወሰ ለራሱ ያስታውስ። ፈተናው ግን አበቃ።»

ከዚያ ወዲህ ከሰላምታ በቀር አታናግረኝም። አንቺ፣ እዚህ ጋ ስትደርሺ ዘለሽ እንዳታልፊ። አንብቢለት።

ሥራውን የሠራሁት አንተ «ሰበር ዜና» ከምትለው መካኒክ ጋር ነው። ስሙ በከንቱ አልወጣለትም። «ኢንጂነር፣ ሰው ካርቡሬተር ጥሎ ኮምፒዩተር ይገጥማል፤ አንተ ምነው በኋላ ማርሽ?» አለኝ ገና ከመጀመራችን።

«ዝም ብለህ ብሎኑን ፍታ።»

«እጄ እየፈታ ነው። አፌ ሌላ ሠራተኛ ነው።»

ሽቦህን አንድም አልቆረጥኩም። እያንዳንዱን ከነመሰኪያው ፈትቼ፣ ጠቅልዬ፣ ከኮምፒዩተሩና ከቤንዚን መርጫዎቹ ጋር ሳጥን ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። የተጣለ ነገር የለም። ካርቡሬተሩ የሚቀመጥበትን አየር ማስገቢያ ቶርኖ ቤት በአሉሚኒየም አሠራሁ። የመጀመሪያውን መለስኩት፤ ማስመሪያ ሳጋድምበት ከሥሩ ብርሃን አሳለፈ። «ክፍተቷ ፀጉር ታህላለች እኮ!» አለኝ ባለቶርኖው። «ፀጉር የምታህል ቀዳዳ አየር ታስገባለች» አልኩት። እየተራገመ እንደገና ላገው። ለኮምፒዩተሩ የማቀጣጠያውን ሰዓት ይነግር የነበረውን ሴንሰር አውጥተን፣ ከዚያው ዓይነት የድሮ ሞተር የተፈታ፣ እሳቱን ለሻማዎቹ የሚያከፋፍል ዲስትሪቢዩተር አስገባን።

አንድ ጊዜ ተሳስተናል። ያንተን የነዳጅ ፓምፕ እንዳለ ተውነው። ያ ፓምፕ ለመርጫ የተሠራ ነው፤ ግፊቱን ካርቡሬተር አይችለውም። ገና ሲነሣ ቤንዚኑ ሞልቶ በሞተሩ ላይ ፈሰሰ። ሰበር ዜና እሳት ማጥፊያውን አቅፎ መጣ። ደግነቱ አልተቀጣጠለም። ፓምፑን ግፊቱ አነስተኛ በሆነ ቀየርነው። ኮምፒዩተሩ ይሰጥ የነበረውን ዘይትም አሁን ታንከሩ ውስጥ በእጅ ከቤንዚኑ ጋር እንቀላቅላለን። ይህ የሮታሪ ሞተር እንደ ሌላው ፒስተን የለውም፤ ውስጡ የሚሽከረከሩት ባለ ሦስት ማዕዘን ብረቶች ጠርዛቸው ካልወዛ ተበልተው ያልቃሉ። ይህን መጀመሪያ ያስተማርከኝ አንተ ነህ፤ አልረሳሁትም።

ተነሣ። ኮድ አልጠየቀም፣ ማንንም ምንም አልጠየቀም። ቁልፍ ዞረ፣ ተነሣ።

ድምፁ ግን ያንተ መኪና ድምፅ አይደለም። ይንገዳገዳል፣ ያስላል፣ ያልተቃጠለ ቤንዚን ይሸታል። የቤንዚኑንና የአየሩን ልክ የምታስተካክል ብሎን አለች። ሰበር ዜና ካቻቢቴ ይዞ ወደ እሷ ጎንበስ ሲል እጁን ያዝኩት።

«ኢንጂነር፣ እየታነቀ ነው እኮ! ሩብ ዙር ብቻ!»

«ይታነቅ።»

«አንተ ነህ ይህን የምትለው? ለፀጉር ስትጣላ የሰነበትከው?»

እኔ ነኝ። ጆሮዬ እየታመመ፣ ጥርሴን ነክሼ፣ እንደዚያው አጥፍቼው ወጣሁ። ሩብ ዙር እንደሚበቃው አውቃለሁ። ወደየት እንደሆነም ይመስለኛል። አልነካሁትም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከመስኮትህ ሥር አመጣዋለሁ። መንገድ ላይ ሰው ይስቅብኛል፤ ይሳቅ። የሞተሩን ክዳን ከፍቼ፣ ካቻቢቴዬን ብሎኗ ላይ አድርጌ አንተን አያለሁ። ግራ እጅህ ደህና ነው። ወደ ቀኝ ካዞርከው ወደ ቀኝ አዞራለሁ፤ ወደ ግራ ካዞርከው ወደ ግራ። ስትጨብጠው አቆማለሁ። የተሳሳትክ ቢመስለኝም አልከራከርህም፤ ይህ ለእኔ ከባድ ቃል መሆኑን ታውቃለህ። ያን ቀን ከደከመህ፣ እጅህን ካላነሣህ፣ አጥፍቼው ገብቼ አጠገብህ እቀመጣለሁ፤ ማታ እንደተንገዳገደ ነድቼው እመለሳለሁ፤ በሚቀጥለው ቅዳሜም እንደዚያው እያሳለ ይመጣል። በአንተ ፈንታ ማንም አያስተካክለውም። እኔም።

አማችህ ቅዳሜ እንዳይመጣ። መስኮቱ ይከፈትልኝ።

ታላቅህ