ሳላሚና በእግር መታጠቢያው ሳፋ

ማክሰኞ ግንቦት 26፣ ጠዋት 3 ሰዓት
የምጦራቸው የሲኞራ እግር ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ተነክሯል። አንቺን ጉልበቴ ላይ አድርጌ እጽፋለሁ፣ ደብተሬ። ለፈተናው ዘጠኝ ቀን ቀረ። የሚያስፈራኝ ኦራሌው፣ የቃል ፈተናው ነው። አምና ፈታኞቹ ፊት ስሜን እንኳ በጣሊያንኛ በቅጡ መናገር አቅቶኝ ወደቅሁ። በአርባ አንድ ዓመቴ የስምንተኛ ክፍል ፈተና! ካንቺና ከሲኞራ በቀር የሚያውቅ የለም።

ሲኞራ ሰማንያ ስድስት ዓመታቸው ነው። ጡረታ እስኪወጡ ግሪክኛ አስተምረዋል። ለፈተናው የመረጥኩት ርዕስ የጥንት ግሪኮችና ፋርሶች የሳላሚና የባሕር ውጊያ ነው ስላቸው ዓይናቸው በራ። የልብስ መቆንጠጫ አምጪ አሉኝ።

ከጠዋቱ 4 ሰዓት
ተዋጋን! ቀኝ እግራቸው የግሪክ ምድር፣ ግራው የሳላሚና ደሴት፣ መሃሉ ጠባብ ባሕር። ቀይ መቆንጠጫ የፋርስ መርከብ፣ ሰማያዊው የግሪክ። ቀዩ ይበዛል። ጠባቡ ውስጥ ሲገባ ግን መዞሪያ አጣ፤ እርስ በርሱ ተላተመ። ሰማያዊው ከጎን እየመጣ ወጋው። ሲኞራ ጣታቸውን ሲያነቃንቁ ማዕበል። ወለሉ ጎርፍ። ሳቅ በሳቅ ሆንን።

ሐሙስ ግንቦት 28
ጠየቅኋቸው፤ ፋርሶች ያን ያህል ሆነው ለምን ጠባቡ ውስጥ ገቡ? አሎራ፣ እንግዲህ፣ ተታለው ነው አሉኝ። የግሪኩ አዛዥ የልጆቹን ሞግዚት በጀልባ ወደ ፋርሶች ላከ። ግሪኮች ሊሸሹ ነው፣ መውጫውን ዝጉባቸው ብሎ ነገራቸው። አመኑት።
"ሞግዚት? እንደኔ የሰው ቤት ሠራተኛ?"
"እንዳንቺ። በኋላም ጌታው ዜግነት አሰጠው።"
ቺታዲናንዛ፣ ዜግነት! እኔ ፔርሜሶዬን፣ የመኖሪያ ፈቃዴን፣ ለማሳደስ ስንት ሰልፍ እቆማለሁ። ኤስኲሊኖ ገበያ ሽንኩርት ስገዛም ያን ሞግዚት እያሰብኩ ብቻዬን ፈገግ እላለሁ።

ሐሙስ ሰኔ 5፣ 8 ሰዓት
አለፍኩ!! ተርሚኒ ጣቢያ ነኝ፣ አውቶቡስ እየጠበቅኩ።
ስጀምር ምላሴ ተሳሰረ፤ ልክ እንዳምናው። ያ ሞግዚት ትዝ አለኝ። ብቻውን ጠላት ፊት ቆሞ የተናገረው። አዛዡን ትቼ ከሱ ጀመርኩ። ከዚያ ማን ያቁመኝ! አንዷ ፈታኝ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ሰማችኝ። ሥራሽ ምንድነው አለችኝ። ባዳንቴ ነኝ፣ አንዲት አሮጊት እጦራለሁ አልኩ። አላፈርኩም። ብራቫ፣ ጎበዝ፣ አለች።

11 ሰዓት
ሲኞራ ሲሰሙ አለቀሱ። ወዲያው ደግሞ ሳቁ። ጥሩ ቀሚሳቸውን አስወጡኝ። ከገና ወዲህ ደጅ ረግጠው አያውቁም። ክንዴን ይዘው ደረጃውን አንድ በአንድ ወረድን። ጄላቶ፣ አይስክሬም፣ በላን፤ የሳቸው አገጫቸው ላይ ቀረ።
ቀጥሎስ? አሉኝ። በመስከረም የማታ ሁለተኛ ደረጃ እገባለሁ አልኳቸው። አፌ ቀደመኝ። ግን ቆርጫለሁ። ሰኞ ጠዋት የፈተና ወረቀቴን ይዤ ለመመዝገብ ት/ቤቱ በር ላይ ነኝ።